ናራ፣ ኒጋትሱዶ የማታው የችቦ ሥርዓት፦ እሳቱ ሲያልቅ እንዳትሄዱ

መጀመሪያ ዋናውን ልናገር፣ ሌላው ይደርሳል። ጃፓን ናራ ከተማ ቶዳይጂ በሚባለው ትልቅ የቡድሃ ገዳም ግቢ ውስጥ ኒጋትሱዶ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ በየዓመቱ ከማርች 1 እስከ 14፣ በኛ ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 5 ማለት ነው፣ ማታ ማታ የሚደረገውን የችቦ ሥርዓት ለማየት ከሄዳችሁ፣ ችቦው አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ባቡር ሲሮጥ እናንተ ቆዩ። እባካችሁ ቆዩ። እኔ ልቤ ውስጥ የቀረው ነገር የመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ያውም ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ አብዛኛውን በጆሮዬ ብቻ።

ኦሳካ ስኖር ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ነገር የሰማሁት ሥራ ቦታ ነው። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ብርዱ አልወጣ ብሎኝ ሳማርር አንዷ የሥራ ባልደረባዬ "ኦሚዙቶሪ እስኪያልፍ ቻይው፣ ከዛ ይሞቃል" አለችኝ። እዚህ አካባቢ ያለ ሰው እንደዚህ ነው የሚለው፣ ትልቁም ትንሹም፣ ልክ እኛ መስቀል ሲጠባ ክረምቱ ወጣ እንደምንለው። ኦሚዙቶሪ ማለት ውሃ መቅዳት ነው። እሳት ብለሽ ጀምረሽ ውሃ ምን አመጣው እንዳትሉኝ፣ እደርስበታለሁ።

የሥርዓቱ ትክክለኛ ስም ሹኒኤ ነው። ጂቹ የሚባል መነኩሴ 752 ላይ ጀመረው፣ የቶዳይጂ ትልቁ የነሐስ ቡድሃ በተመረቀበት በዛው ዓመት። ከዛ ወዲህ አንድ ዓመት አልቀረም። 1180 ላይ በጦርነት ቶዳይጂ ሲቃጠል አልቀረም፣ 1667 ላይ ኒጋትሱዶ ራሱ በዚሁ ሥርዓት መሃል እሳት ተነስቶበት ሲወድም አልቀረም፣ አሁን ያለው ሕንፃ 1669 ላይ እንደገና የተሠራው ነው፣ በኮሮና ጊዜም ሕዝቡን ቀንሰው አደረጉት እንጂ አልቀረም። 2025 ላይ 1274ኛው ሆነ። እኔ ቁጥሩን ስሰማ ዝም ነው ያልኩት። አንድ ሺ ሁለት መቶ ሰባ አራት ጊዜ አንድ ሰው "ዘንድሮ ይቅርብን" ሳይል ማለት እኮ ነው።

ምን እንደሚደረግ ባጭሩ፣ 11 መነኮሳት ይመረጣሉ፣ እነሱ ለሁለት ሳምንት ባለ 11 ፊት ለሆነችው ካኖን ይሰግዳሉ፣ ንስሐ ይገባሉ። ለራሳቸው ብቻ አይደለም፣ በሰው ሁሉ ፈንታ ነው። ለዘሩ፣ ለዝናቡ፣ ለሀገሩ ሰላም ይለምናሉ። ካኖን ማለት የምሕረት ናት፣ የሰው ጩኸት የምትሰማ። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ሁለት ምስሎቿ አሉ፣ ትልቋና ትንሿ፣ ግን ማንም አያያቸውም፣ ሥርዓቱን የሚመሩት መነኮሳት ራሳቸው አያዩዋቸውም። ይሄን የነገሩኝ ጃፓኖች "ይገርምሻል አይደል" ብለው ሲያዩኝ እኔ ምንም አልገረመኝም፣ ታቦት ተሸፍኖ ሲወጣ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ።

መነኮሳቱ በቀን አንዴ ነው የሚበሉት፣ እኩለ ቀን ላይ። ከዛ ማዕድ ከተነሱ በኋላ የሌሊቱ ሥርዓት እስኪያልቅ ምግብ ቀርቶ ውሃም አይቀምሱም። በቀን ስድስት ጊዜ ጸሎት አላቸው፣ የመጨረሻው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የሚያልቀው። ከዛ በፊት ደሞ ከፌብሩዋሪ 20 ጀምሮ ለብቻቸው ተገልለው ይዘጋጃሉ፣ ከወረቀት የተሠራ ልብስ ይለብሳሉ፣ ለመሠዊያው የሚሆኑ የወረቀት አበቦች በእጃቸው ይሠራሉ፣ ቀይና ነጭ፣ መሃላቸው ቢጫ። እኔ ስሄድ ሁዳዴ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ "ከምሳ በኋላ ውሃ የለም" ሲባል ሰውነቴን ነው የገባው፣ ሰው ያስረዳኝ አይደለም።

ጾመኛ ለሆናችሁ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ናራ ላይ ምግብ ስትፈልጉ ኡዶን የሚሉት ወፍራም ኑድል አትክልት ብቻ ነው ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ፣ ሾርባው ከደረቀ ዓሣ ነው የሚፈላው፣ ሁሌ ጠይቁ። እዛ በጣም የተመቸኝ ቻጋዩ የሚሉት ነው፣ ሩዝ በሻይ የተቀቀለ፣ ቀጠን ያለ ገንፎ በሉት፣ የናራ የድሮ ቁርስ ነው። ለብርድ እሱን የሚያክል የለም። በጨው ከተቀመጠ አትክልት ጋር ነው የሚያቀርቡት። በቃ እሱን በልቼ ነው ማታውን የቆምኩት።

ወደ ቦታው መድረስ ቀላል ነው። ከኦሳካ ናምባ በኪንቴትሱ ባቡር ወደ 40 ደቂቃ፣ ከናራ ጣቢያ ደሞ ግማሽ ሰዓት ግድም በእግር፣ መንገዱ ዳር በሙሉ አጋዘን ነው፣ ከሺ በላይ ናቸው፣ ሰው አይፈሩም፣ ወረቀት የያዛችሁ እንደሆነ ከእጃችሁ ነው የሚቀሙት። ኒጋትሱዶ ከትልቁ ቡድሃ አዳራሽ ኋላ ዳገቱ ላይ ነው ያለው። ፊት ለፊቱ ከፍ ባለ ድጋፍ ላይ የቆመ በረንዳ አለው፣ ከዛ ላይ ሆናችሁ ከተማው በሙሉ ይታያል። ቀን ሄዳችሁም እዩት፣ መግቢያ አይከፈልም፣ ማታም አይዘጋም።

እኔ የመረጥኩት ማርች 5ን ነው፣ ረቡዕ። ለምን 5 እንደሆነ ኋላ ታዩታላችሁ። ችቦው የሚለኮሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፣ በነሱ 19 ሰዓት። እኔ 11 ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ፣ ከበረንዳው በታች ያለው ሜዳ ግማሹ ሞልቷል። ሁለት ሰዓት መቆም ነው። መቀመጫ የለም፣ ቦታችሁን ለቃችሁ ከሄዳችሁ ደሞ ተመልሳችሁ አታገኙትም፣ ስለዚህ ሽንት ቤት ቀድማችሁ ጨርሱ። ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ሁለት ካልሲ አድርጌ እግሬ አልተሰማኝም፣ እዛች ኪስ ውስጥ የምትገባ ማሞቂያ ከረጢት ከማንኛውም ሱቅ ግዙ፣ አንድ ለእጅ አንድ ለጫማ።

አጠገቤ የቆሙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሰማንያ ይሆናቸዋል። ከየት ነሽ አሉኝ፣ ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው በራ፣ "አበበ!" አሉኝ። ቶኪዮ 1964 ወጣት ሆነው በቴሌቪዥን አይተዋል። ከዛ በኋላ እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ፣ ከቦታዬ እንዳልገፋ በክርናቸው እየከለከሉ፣ ከቴርሞሳቸው ሻይ እየቀዱ። ከልጅነታቸው ጀምረው በየዓመቱ ይመጣሉ። "አባቴ እዚህ ትከሻው ላይ አድርጎ ያሳየኝ ነበር" አሉ፣ በጣታቸው ወደ ግራ በኩል አሳዩኝ፣ እዛው ዛፉ ሥር።

ሰዓቱ ሲደርስ ደወል ተመታ፣ ግቢው ውስጥ ያለው መብራት ሁሉ ጠፋ። የዛ ሁሉ ሺ ሰው ጫጫታ አንዴ ጸጥ አለ። መጀመሪያ የምታዩት በግራ በኩል ወደ ላይ የሚወጣው ክዳን ያለው ደረጃ ውስጡ ቀይ ሲሆን ነው፣ እሳቱ አይታይም፣ ብርሃኑ ብቻ በእንጨቱ ክፍተት እየወጣ ሽቅብ ይሄዳል። ከዛ ጫፉ ብቅ አለ።

ችቦ ስላችሁ የኛን ደመራ ላይ የምንይዘውን እንዳታስቡ። አንድ ሙሉ ቀርከሃ ነው፣ ከ6 እስከ 7 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ፣ ጫፉ ላይ የጥድ ቅርንጫፍና ቅጠል እንደ ትልቅ ኳስ ታስሮ። የሚይዘው አንድ ሰው ነው። አንድ! በረንዳው ጥግ ላይ ይመጣና ቀርከሃውን ከበረንዳው መከታ በላይ ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ እሳቱ ባየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆማል፣ ይወዘውዘዋል፣ ፍሙ ይወርዳል። ከዛ ድንገት ወደ ቀኝ መሮጥ ይጀምራል፣ በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር፣ እየሮጠ ደሞ ያሽከረክረዋል፣ ያ ሁሉ የእሳት ፍንጣሪ እንደ ዝናብ በሕዝቡ ራስ ላይ ይወርዳል። ሰው "ዋ" ይላል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ የጥዱ ሽታ ጭሱ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። አንዱ ቀኝ ጥግ ሲደርስ ሌላው በግራ ብቅ ይላል። እንደዛ አሥር ችቦ። 11ኛው መነኩሴ ቀድሞ ስለሚገባ ነው አሥር የሆነው። በረንዳው ላይ መጥረጊያ የያዙ ሰዎች አሉ፣ የወደቀውን ፍም ከእንጨቱ ላይ እየተከተሉ ይጠርጋሉ። ዓይኔ ብዙውን ጊዜ እነሱ ላይ ነበር። ሙሉ በሙሉ የእንጨት ሕንፃ ላይ፣ አንዴ በዚሁ የተቃጠለ ሕንፃ ላይ፣ በየሌሊቱ እሳት ይዘው ይሮጣሉ፣ የሚጠብቁት ደሞ መጥረጊያ ይዘው ነው።

ሽማግሌው በጆሮዬ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ነገሩኝ፣ ሪቪው የምጽፈውም ለሱ ብዬ ነው። ችቦው ሥርዓቱ አይደለም አሉኝ። መብራት ነው። መነኮሳቱ ለማታው ጸሎት ሲወጡ ደረጃው ጨለማ ስለሆነ መንገድ ማሳያ ነው። እያንዳንዱ ችቦ ከኋላው አንድ መነኩሴ አለ፣ እሱ ገባ፣ ጸሎቱ የሚጀምረው አሁን ነው።

እኔ ይሄን እየሰማሁ መብራቱ በራ፣ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው በጠቅላላ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። እውነቴን ነው፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሜዳው ባዶ ሆነ። መሬት ላይ የወደቀችውን የተቃጠለች የጥድ ቅጠል የሚለቅሙ ጥቂት ሰዎች ቀሩ፣ ቤት ወስደው በር ላይ ወይ ማድ ቤት ያደርጓታል፣ ክፉ ነገር ትመልሳለች ይላሉ። እኛ የደመራውን አመድ ግንባራችን ላይ እንደምናደርገው ማለት ነው። እኔም አንድ አነሳሁ፣ ገና ትሞቅ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ቅሬታ አለኝ። አንዲት ጓደኛዬ በሌላ ቀን ከኪዮቶ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ነበር የሄደችው። "የጥንት የእሳት በዓል" ብለው ቀላል ያልሆነ ብር አስከፈሏት፣ መግቢያው ነፃ መሆኑን አንድም ቦታ ላይ አልነገሯትም። አስጎብኚው ችቦው እንዳለቀ ባንዲራውን አንስቶ "አለቀ፣ ወደ አውቶብስ" አለ። አለቀ! እሷም እስከዛሬ ያየችው ሁሉም ነው ብላ ነው የምታስበው፣ እኔ ስነግራት አለቀሰች ማለት ይቀላል። ለትራንስፖርትና ለማስረዳት መክፈል ምንም ችግር የለውም፣ ግን ሰው ያን ያህል መንገድ አምጥቶ በሩ ላይ ማስመለስ ምን ይባላል? ስለዚህ በራሳችሁ ሂዱ፣ የቻለ ናራ ይደር፣ እኔ ትንሽ እንግዳ ማረፊያ ይዤ ነበር፣ የመጨረሻ ባቡር እያሰቡ እዛ መቀመጥ አይሆንም።

እሺ ከዛ ደረጃውን ወጣሁ። አዳራሹ ዙሪያውን ጠባብ ክፍሎች አሉት፣ ሕዝብ ቁጭ ብሎ የሚሰማበት፣ በእንጨት ፍርግርግ ከውስጡ የተለዩ። ማንም መግባት ይችላል፣ ትኬት የለም፣ ስም አይጠየቅም፣ ጫማ አውልቆ ዝም ብሎ መግባት ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍል ሴት አትገባም። ይሄ ትንሽ ቆንጥጦኛል፣ አልዋሽም። ደብረ ዳሞ ሥር ቆሜ ወንድሞቼ በገመድ ሲወጡ ከታች ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ስሜቱን አውቀዋለሁ። ግን ፍርግርጉ ጋ ያለው ክፍል ለሴትም ለወንድም ነው፣ እዛ ጥግ ላይ ቦታ አገኘሁ፣ አጠገቤ ሁለት አሮጊቶች ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው።

ጨለማ ነው። ከውስጥ የዘይት መብራት ብቻ፣ መሃል ላይ ነጭ መጋረጃ አለ፣ መነኮሳቱ ሲያልፉ ጥላቸው መጋረጃው ላይ ያርፋል፣ ትልቅ ይሆናል፣ ይጠፋል። ስልክ አይወጣም፣ ፎቶ የለም። የእንጨት ጫማ አድርገዋል፣ ወፍራም፣ የእንጨት ወለሉ ላይ ሲረግጡበት ድምፁ ደረታችሁ ውስጥ ይገባል። ቋ ቋ ቋ። ደወል አለ፣ ከባሕር ዛጎል የተሠራ መለከት አለ፣ ከዛ ዜማው። "ናሙ ካንጂዛይ ቦሳትሱ" ይላሉ፣ የካኖንን ስም መጥራት ነው፣ ቀስ ብለው ነው የሚጀምሩት፣ እየደጋገሙ እየፈጠኑ ሲሄዱ ያጥሩታል፣ "ናሙ ካንጂዛይ" ይሆናል፣ ከዛ ደሞ "ናሙ ካን" ብቻ፣ "ናሙ ካን፣ ናሙ ካን"፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ብቻ የቀረ ይመስላል። ስቅለት ቀን እግዚኦታ ሲደጋገም፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ስግደት ላይ ሆኖ ቃሉ ከአፍ ሳይሆን ከወገብ ሲወጣ፣ እሱን ነው ያስታወሰኝ። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ እሱን አላምታታም፣ የኔን አውቃለሁ። ግን የደከመ ሰው የሚለምንበት ድምፅ የትም አንድ ነው መሰለኝ።

አንዱ መነኩሴ ድንገት ከመጋረጃው ወጥቶ ይሮጥና ጉልበቱን አንድ ሰሌዳ ላይ በሙሉ ክብደቱ ይጥላል። ዷ! መጀመሪያ ስሰማው ደንግጬ ተነሳሁ፣ አሮጊቷ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ስግደት ነው፣ ሰውነትን መጣል። እንደዚህ ለሁለት ሳምንት፣ ያውም ምግብ በቀን አንዴ እየቀመሱ።

ቆይቶ ደሞ ማርች 5ን የመረጥኩበት ነገር መጣ። በሁለት ሌሊት ብቻ፣ በ5ኛውና በ12ኛው፣ ከዚህ ቤተ መቅደስ ጋር የተያያዙ የሞቱ ሰዎችን ስም ያነባሉ። ከንጉሥ ሾሙ ይጀምራል፣ ቶዳይጂን ያሠራው፣ እየወረደ መነኮሳት፣ ባለሥልጣን፣ እርዳታ የሰጠ ሰው። ረጅም ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፣ በ1200ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሹኬ የሚባል መነኩሴ መዝገቡን እያነበበ ሳለ ሰማያዊ ልብስ የለበሰች ሴት ፊቱ ቆመችና "እኔን ለምን ዘለልከኝ?" አለችው። ማን እንደሆነች አያውቅም። ደንግጦ ልብሷን አየና ዝቅ ባለ ድምፅ "ሰማያዊ የለበሰችው ሴት" ብሎ አነበባት፣ እሷም ጠፋች። ከዛ ጊዜ ጀምሮ መዝገቡ ውስጥ ገብታለች። ማን እንደነበረች እስከዛሬ ማንም አያውቅም፣ ስሟ የለም፣ የልብሷ ቀለም ብቻ ነው ያለው፣ ወደ 800 ዓመት ሙሉ ግን በየዓመቱ ትጠራለች።

አነባበቡ ሲጀምር ቀስ ያለ ነው፣ እየቆየ ይፈጥናል፣ እኔ አንድም ስም አልያዝኩም፣ ጃፓንኛዬም አይደርስም። ግን ዮሪቶሞ የሚለውን ትልቁን የጦር አለቃ ስም ስትሰሚ ከሱ 18ኛዋ እሷ ናት ብለውኝ ነበርና አሮጊቷን በጣቴ ነካ አደረግኳት። ቆየች፣ ቆየች፣ ከዛ ጣቷን አንስታ አፏ ላይ አደረገች። አንባቢው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሾኤ ኖ ኒዮኒን።" በቃ አለፈ። ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ትንፋሻችንን ይዘን እንደነበር ያወቅኩት ሁላችንም አንድ ላይ ስንለቀው ነው።

እዛው ቁጭ ብዬ አንድ ነገር አሰብኩ። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ እኔም ልጅ ሆኜ አባቴ እያስቆጠረኝ ነው ያደግኩት፣ እስከ ሰባተኛው አባት አሁንም አልረሳሁም። የሴቶቹን ግን አላውቅም። የእናቴን አያት ስም አላውቅም። ቤት ውስጥ "እምዬ" ነበር የሚሏት፣ ከዛ ውጪ ምንም። በነጋታው ጠዋት ለእናቴ ደወልኩላትና "እማ፣ የእምዬ ስም ማን ነበር?" አልኳት። ዝም አለች። "እምዬ ነዋ" አለች። "አይ የክርስትና ስሟ፣ የራሷ ስም" ስላት "ኧረ ልጄ፣ እኔ እንጃ፣ እትዬን ልጠይቅልሽ" አለችኝ። ሦስት ቀን ፈጀ። ትልቋ አክስቴ ናት በመጨረሻ ያስታወሰችው፣ አሁን ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

ከዛ ሌሊት ሌላም አለ፣ መሮጡ። በ5፣ 6፣ 7 እና በ12፣ 13፣ 14 ሌሊት መነኮሳቱ የእንጨት ጫማቸውን አውልቀው መሠዊያውን እየዞሩ ይሮጣሉ። ምክንያቱ ደስ ይላል። ጂቹ ይሄን ሥርዓት ያየው ሰማይ ላይ ነው ይባላል፣ ወደ ምድር ልውሰደው ሲል "እዚህ አንድ ቀን ማለት እዛ 400 ዓመት ነው፣ አትደርሱበትም" አሉት፣ እሱም "እንግዲያው እየሮጥን እናደርገዋለን" አለ። ያ ሁሉ ሰዓት ቋ ቋ ሲል የነበረው ወለል ድንገት ድምፅ ያጣል፣ የጨርቅ እግር ብቻ፣ ሽው ሽው ሽው፣ ጥላዎቹ መጋረጃው ላይ ሲሮጡ ታያላችሁ። ከችቦው ይልቅ ይሄ ነው ያስለቀሰኝ።

ውሃው ጋ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ኦሚዙቶሪ የሚለው ስም የመጣው ከ12ኛው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ግድም መነኮሳቱ ከአዳራሹ ወርደው ከታች ካለች ትንሽ ቤት ውስጥ ከጉድጓድ ውሃ ይቀዳሉ፣ ለካኖን የሚቀርብ ጸበል በሉት። ውሃው የሚመጣው ከሰሜን ከዋካሳ ነው ይላሉ፣ የዋካሳው አምላክ ዓሣ ሲያጠምድ ቆይቶ ለሥርዓቱ ስለዘገየ በይቅርታ ፈንታ ውሃ እሰጣለሁ አለ፣ ከድንጋዩ አንድ ጥቁር አንድ ነጭ ወፍ ወጡና ውሃው ተከተላቸው። አሁንም ዋካሳ ውስጥ ኦባማ የምትባል ከተማ ማርች 2 ማታ ውሃውን ወንዝ ውስጥ አፍስሰው ይልካሉ፣ አሥር ቀን ተጉዞ ናራ ይደርሳል ነው የሚሉት። ማርች 2 የኛ ዓድዋ መሆኑን ሳይ ቀኑን መቼም አልረሳውም አልኩ።

12ኛው ሌሊት ትልቁ ነው፣ 11 ችቦ፣ እነሱም ትልልቆቹ፣ 8 ሜትር ግድም፣ ከ60 ኪሎ በላይ፣ የሚጀምረው 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ወደ 45 ደቂቃ ይቆያል። ግን ሕዝቡ ከባድ ነው፣ በሰልፍ እያስተላለፉ ነው የሚያሳዩት፣ ቆማችሁ አታዩትም። 14ኛው ደሞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ አሥሩም ችቦ በረንዳው ላይ ባንድ ጊዜ ይሰለፋል፣ ደስ ይላል ግን አሥር ደቂቃ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ የሥራ ቀን ምረጡ፣ ከቻላችሁ 5ን፣ ካልሆነ 6 ወይ 7።

ኮከብ ስጪ ከተባልኩ ለሥርዓቱ አምስት። ለምቾት ሦስት፣ ከዛ አልሰጥም፣ ምክንያቱም ብርዱ ለትልቅ ሰው ከባድ ነው፣ ዳገትና ደረጃ አለው፣ ጉልበት የሚያማችሁ እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ አስቡበት። ውስጥ የሚደረገውን የሚያስረዳ ሰው የለም፣ አንብባችሁ ሂዱ። እኔ ሳላነብ ብሄድ ኖሮ የስሞቹን ንባብ አልፌው ነበር። ልብስ ላይ ጥጥ ወይ ሱፍ ይሻላል፣ እኔ ፊት መስመር ላይ ነበርኩ፣ የናይለን ጃኬቴ እጅጌ ላይ ፍንጣሪ አርፎ ምስር የሚያክል ቀዳዳ አድርጓል። ጃንጥላ አይፈቅዱም፣ የካሜራ እግር ሰው በበዛበት ይከለክላሉ፣ ትክክል ናቸው።

ሽማግሌውን ስንለያይ በሚቀጥለው ዓመትም እዛው ዛፉ ሥር ነኝ ብለውኛል፣ እኔም እሄዳለሁ፣ ሻዩን በዚህኛው ተራ እኔ ነኝ የምይዘው። ከዛ ደሞ 12ኛውን ሌሊት ልሞክር አስቤያለሁ፣ ለችቦው ሳይሆን ለውሃው። ሄዶ የሚያውቅ ሰው ካለ 7 ሰዓት ተኩል ላይ የት መቆም እንደሚሻል ንገሩኝ፣ ሴት የምትቆምበትን ቦታ በተለይ።